ምክንያት፦ ጉም

ከደባርቅ ስንነሣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም
ሰማዩ ጠቁሯል፣ ዝናብ ግን አይወርድም።
ሃያ አራት ሰው ጫንኩ፤ ቆጥሬ፣ ደግሜ፣
ሒሳብ ሰበሰብኩኝ በሩ ደፍ ላይ ቆሜ፤
አንድ ሕፃን ብቻ በእናቱ ጀርባ
ሳይከፍል፣ ሳይቆጠር ከእኛ ጋራ ገባ።
ጋሽ ፈንታሁን ጎማውን በእግሩ መታ መታ፣
“የኋላው ላሽ ሊል ነው፤ ዛሬ በእርጋታ።”

ዳባትን በዝናብ፣ ገደብዬን በበረዶ
አለፍን፤ ጎርፉ አፈሩን አስፋልት ላይ አውርዶ
የሰው ድንች ማሳ መንገድ ሆኖ ነበር፤
ባለቤቱ በዶማ ሲመልስ አየሁት ከዳር።
አምባ ጊዮርጊስ ላይ ዝናቡ አባርቶ፣
“ተገላገልን!” አለ አጣናው፣ መስኮቱን ከፍቶ፤
ነጭ ሽንኩርት ጭኗል፣ ስምንት ማዳበሪያ፤
ገዢው የሚጠብቀው እስከ አሥራ ሁለት ነው፣ ጎንደር መናኸሪያ።

ከዚያ ኮሶዬ።
ጉሙ ከገደሉ ተነሥቶ መጣና
ዋጠው ምሰሶውን፣ ዛፉን ደገመና፤
መስተዋቱን ሰው በትንፋሹ የነፋው መሰለ፤
ከሞተሩ ድምፅ በቀር ዓለም የት እንዳለ
የሚያውቅ የለም።

“ረጅሙን አብራው!” ብሎ አንዱ ጮኸ።
ፈንታሁን ጭራሽ ወደ አጭሩ መለሰው፦
“ጉም ብርሃን ሲወረውሩበት መልሶ ይወረውራል፤
ዝቅ ካደረግኸው ግን መሬቷን ያሳይሃል።”
ክላክሱን ነካ። አዳመጠ። ደገመ።
በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳይረግጥ፣ አዘገመ፣
በጨለማ ቤት እንደሚሄድ ሰው እየዳሰሰ።
ከዚያ ቆመ። ሁሉም ተነሣ፤ ሁሉም ወቀሰ፦
“እዚህ ልታሳድረን ነው?” “መንጃ ፈቃድህን ከማን ተዋስከው?”
አጣናው ተነሥቶ እናቲቱን አሳየ፤
“ልጇ ትኩሳት ይዞት ሆስፒታል ዘገየ!”
(ሽንኩርቱን አልጠራም።)
እሷ ግን፣ እንጉዳይ፣ አንገቷን ሳታቀና፣
“ማዳኑን ሐኪሙ ያውቃል” አለች፤ “አንተ ቀስ በልና
አድርሰን።”

ዝም ተባለ።
“ማንደፍሮ፣” አለኝ ፈንታሁን፣ “ውረድ።
ያን ቢጫ ጀሪካን ያዝና ከፊት ከፊቴ ሂድ።
መንገዱን ባላየው ጀሪካኑን አያለሁ፤
አንተ የረገጥክበትን ብቻ እረግጣለሁ።”

ስሜ ማንደፍሮ ነው፤ ጉልበቴ ግን ፈራ።
ነጩን መስመር ያዝኩት፤ አንዴ አለ፣ አንዴ የለም፤ በግራዬ ተራራ፣
በቀኜ ምንም።
ምንም ያልኩት ገደሉን ነው፤ ያን ቀን አልታየም፤
ጠጠር በእግሬ ብመታ ሲወድቅ አልተሰማም።
ሞተሩ ከኋላዬ፣ ሙቀቱ ወገቤ ላይ፤
ዞር ስል ሁለት ክብ ቢጫ፣ ሌላ ምንም አይታይ።
ሦስት መቶ እርምጃ ነው? ሺህ ነው የሄድኩት?
ቆጠራ ሥራዬ ነበር፤ ያኔ ግን ተሳሳትኩት።
አንድ አይሱዙ ከታች መጣ፤ ድምፁ እንጂ መልኩ የለም፤
ጀሪካኑን በጡጫ ደበደብኩት፤ ፍጥነቱን ቀነሰ፤
ክንድ በምታህል ክፍተት አለፈኝ፤ እሱንም ጉሙ ጎረሰ።

ወለቃ ስንደርስ ጉሙ ተቀደደ፤
ጎንደር ማዶ ታየች፤ ላንዱ ሰፈር መብራት ሲመጣ ካንዱ ሄደ።
መናኸሪያ ገባን፤ አንድ ተኩል ሆኗል።
ማንም አላመሰገነ፤ ለምን ያመሰግናል?
ምን ሆነና? ያልሆነ ነገር እኮ ስም የለው፣
የቀረውን ማን ያያል፤ የሚታየው የመጣው ነው።

ስምሪት ክፍሉ ውስጥ ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ፦
“ሁለት ሰዓት ዘገያችሁ። ምክንያት?”
“ጉም።”
“ጎማ አለ፣ ሞተር አለ፤ ጉም የሚል ቅጹ ላይ የለም።”
ፈንታሁን ሳቀ፤ ጣቶቹ ገና መሪ እንደያዙ ታጥፈዋል፦
“እንግዲያው ባዶውን ተወው፤ እሱም ሲያዩት ባዶ ይመስላል።”

እኔ ደጁ ላይ ቆሜ የሚወርደውን ቆጠርኩ።
አጣናው፣ ከነማዳበሪያው ሲጨቃጨቅ፣ ሃያ ሦስት።
እንጉዳይ፣ ሃያ አራት።
በጀርባዋ ያ ያልከፈለው፣
በሙሉ ድምፁ እያለቀሰ።