የምርቃት ዓምድ

ወር በገባ ሰኞ፣ ሰማዩ ሳይነጋ፣
በገርባ ቁልቁለት ባቲ እወርዳለሁ፣ ልጠይቅ ዋጋ።
ሸማች አይደለሁም፤ ከሻጭም የለሁ፤
ቅጽና እርሳስ ይዤ፣ የመንግሥት ሚዛን ይዤ እዞራለሁ።
«ይቺ የማትገዛ!» ይሉኛል በሳቅ፤
ድሮ፣ ግብር ሰብሳቢ መስያቸው፣ እህል ሲሸፍኑ
እኔ ነበርኩ የምሳቀቅ።
አሁን ለምደውኛል።

መመሪያው አጭር ነው፦ ያው ሻጭ፣ ያው ጥራት፣ ያው ዕቃ፤
ሚዛን ይመስክር እንጂ የሰው ቃል አይበቃ።
ቀይ ሽንኩርት፣ ማሽላ፣ በርበሬ ከነዛላው፣
የወፍጮ ቤት ክፍያ፣ የልጅ ሸበጥ ጫማ፣ ክብሪት ከነፓኮው፤
ሁሉም ቁጥር አለው።

ከይመር ሙሄ ጀመርኩ፦ «ማሽላ በጣሳ?»
«እንዳምናው ነው ልጄ፤ ማን ዋጋ አነሣ!»
ጣሳውን አነሣሁ።
ቂጡ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ መዶሻ ስሞታል።
መዘንኩት፦ ከጥንቱ መቶ ግራም ያህል ጎድሎታል።
ይመር ዐይኑን ሰበረ፦ «ዋጋ ጨመርኩ ብል ሰው ፊቱን ያዞራል፤
ጣሳ ስወቅጥበት ግን፣ አይቶ ዝም ይላል።»

«አንቺ ስትጽፊው ነው መሰል የሚጨምረው፤
እስቲ አትምጪ በሚቀጥለው!»
አለችኝ የበርበሬዋ ሸጊቱ፤
እየሳቀች ነው፤ ግማሹ ግን የምሯን ነው።

ሐመዱ ከቆላ፣ ከአፋር በረሃ፣ ፍየል ነድቶ መጥቷል፤
«ስንት ነች?» ብለው በጥያቄ መልሷል፦
«ፍየሏን ነው ወይስ ብሩን? ፍየሌ ያቺው ናት፤ ያው ቀንድ፣ ያው ጭራ፤
የከሳው ብሩ ነው።»
«የለውጡ ምክንያት» በሚለው ሥፍራ
«ብሩ ከስቶ» ብዬ ጻፍኩና፣
አለቃዬ ትዝ ሲለኝ እጄ ራሱ ፈራ።
ላጲስ አወጣሁ።

ከጦይባ ብቻ ነው ለቤቴም የምገዛው፤
መደቧ ከግራሩ ሥር፣ ጥላው ከሚያርፍበት ነው።
የጦይባ ሚዛን ኪሎ ሲሞላ አያበቃም ነበር፤
ከዚያ ወዲያ ነበር የእሷ ሥራ የሚጀመር፦
እጇን ትሰድና፣ ክምሩን ዘግና፣
«ይሄ ምርቃትሽ!» ትላለች፣ ጨምራ እንደገና።

መስከረም ላይ አምስት ራስ።
ኅዳር ላይ ሦስት።
ጥር ላይ አንድ፤ እሱም ያቆጠቆጠ፣
አረንጓዴ ጆሮ ያወጣ።
መጋቢት ሲመጣ፣
እጇ ከክምሩ ደረሰ። ቆመ።
ባዶውን ተመለሰ ወደ ጭኗ፤
«በረካ ይግባበት» አለች። አላየኝም ዐይኗ።

ዋጋውስ? የየካቲቱ ነው፤ ሳንቲም አልተነሣ፤
«ለውጥ፦ ዜሮ» ብዬ ጻፍኩኝ፣ እንዳልረሳ።
ቅጹን ገለባበጥኩ፤
ኮድ አለው፣ መለኪያ አለው፣ ላለፈው ወር ዋጋም ሥፍራ አለው፤
የምርቃት ዓምድ ግን የለውም።

ማታ ስንመለስ፣ ሬዲዮው፦ «የዋጋ ንረቱ ካለፈው ወር ቀነሰ»
ሲል፣ የሚኒባሱ የኋላ ወንበር በሳቅ ፈረሰ።
አጠገቤ ያሉት እናት፦ «ልጄ፣ ምኑ ነው የቀነሰ?»
እኔ ዐውቃለሁና ላስረዳ ሞከርኩኝ፦
«ወረደ አልተባለም፣ እማማ፣ ልብ ይበሉኝ፤
አሁንም ይወጣል። አወጣጡ ነው ቀስ ያለው።»
ደጋን አቀበት ላይ መኪናው በአንደኛ ማርሽ ያቃስታል።
«እንደዚህ መኪና?»
«እንደዚህ መኪና።»
«ታዲያ መቼ ይደርሳል?»
ረዳቱ መጣ። ሒሳብ ጠየቀ። አምስት ብር ጨምሯል።

ቤቴ ገባሁና፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው፣
የጦይባን ሽንኩርት በመንግሥት ሚዛን ሰቀልኩት፤
መርፌውን ጠበቅሁት፣ እስኪያርፍ ከቦታው።

ልክ አንድ ኪሎ።
ግራም አልጎደለ። ግራም አልተረፈ።
እንዲህ ልክ የሆነ ነገር መዝኜ አላውቅም፤
እንዲህ የጎደለም።