የቻኮ ፋኖስ

ዶሮ ሳይጮህ ነቅተን፣ የኬረላን ዳገት፣
ቻኮ ፋኖስ ይዞ፣ እኔ ቢላ ይዤ፣ ስንወጣ በጽልመት፣
የጎማውን ዛፍ ልጥ ሰያፍ እበጣለሁ፤
ቆሜ እጠብቃለሁ።
ነጭ ወተት ጠብ ይላል በኮኮናት ቅርፊት፤
ዝም ይላል። ደግሞ ጠብ።
ቢላ ስለቸኮለ አይወርድም እንደ ዥረት።

ዛፎቹን ስንተክል ቻኮ በሆዴ ነበር፤
ሰባት ዓመት ፈጀ ወተት እስኪጀምር።
እነሱስ ጀመሩ። ልጄ ግን እስከዛሬ
«እማ» እንኳ አላለኝ፤ አልወጣውም የቃል ፍሬ።

ደጅህን ጠናሁ፣ ጌታ፤ ጉልበቴ ሻከረ፤
በቶማስ ቤተስኪያን ሻማዬ ቀልጦ አደረ፤
ተሳልኩ፣ ተማጸንኩ፣ ቆይቶም ተቆጣሁ፤
«አትሰማም ወይ?» ብዬህ ከቅዳሴ ወጣሁ።
አማቴ አሌያማ «ታገሺ» ትላለች፣ ሩዝ እያበጠረች፤
ምን አለባት እሷ፣ ዘጠኝ ለፍላፊ ልጅ ያሳደገች!

ዛሬ ዝናብ ጣለ። ጎማ በዝናብ አይበጣም።
ዛፍ ሥር ተጠለልን። የምለው አልመጣም፤
ልመናዬ አለቀ።
ቻኮ ፋኖሱን አስጠጋ፣
ክንዴ ላይ ተደግፎ ጠበቀ እስኪነጋ፤
አልጠየቀኝ፣ አልቸኮለ፣ አልከፋው፤
ዝናቡን ያዳምጣል፣ የሚነግረው እንዳለ ሰው።

ሰባት ዓመት ሙሉ ሳወራ ነው የኖርኩት፤
ዝም ማለትን፣ ጌታ፣ ከዚህ ልጅ ተማርኩት።
ግን አልዋሽህም፤
ያቺን «እማ» ዛሬም እፈልጋታለሁ፣ አልተውኳትም።

ዝናቡ አባራ። ቻኮ፣ ፋኖስ አንጠልጥሎ፣
የተደፋውን ቅርፊት ያቃናል፣ አንድ ባንድ፣ ጎንበስ ብሎ።