የቀኝ እግር አውራ ጣት

ቦቱን የሰጠኝ መስኖው ነው፣ ጥቁር ጎማ እስከ ጉልበት፤
ሰባት ዓመት የቆጋን ውሃ ስከፍትበት፣ ስዘጋበት፣
ውስጡ ክረምት ከበጋ ረጥቦ፣ ካልሲዬ ውሎ አድሮ ሲሸት፣
አንድ ማታ ሳወልቀው፣ አየሁት የቀኜን አውራ ጣት፦
ጥፍሩ ያሮጌ በሬ ቀንድ፣ ጫፉ የተፈረፈረ፣
ቀለሙ እርድ፣ ከሥሩ ዱቄት የቋጠረ።

አያምም። ያ ነው ክፋቱ።
ቢያምማ እጮህ ነበር፣ ሰው ይወጣልኝ ከቤቱ፤
የማያም ነገር እንደ አራጣ ነው፣ ተኝተህ ሲወልድ የሚያድር፣
ስትነቃ ጣትህ ሙሉ ብድር።

እንየው፣ የቦይ ጎረቤቴ፣ «በላምባ ንከረው» አለኝ፤
ነከርሁት። ሚስቴ በዚያ ሌሊት «ከኩራዙ ራቅ» አለችኝ።
ጠጅቱ፣ የመንደሩ አዋቂ፣ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ በማር
በጨርቅ ጠቅልላ አሰረችልኝ፤ ሦስት ቀን ወጥ ወጥ ስሸት ነበር።
«ቅቤና በርበሬው ቀረ» ብላ እሷው ራሷ ሣቀች፣
ለመድኃኒቱ ግን አንድ ጣሳ ሽንብራ ወሰደች።
አቼቶ ለብ ባለ ውሃ፣ ማታ ማታ በሳፋ፣
ቆዳው ነጥቶ ተሸበሸበ፤ ጥፍሩ እንዲያውም ሰፋ።
እንዶድ ቀጥቅጬ ዘፈዘፍሁት፤ አረፋው ደኅና አጠበልኝ፣
ሕመሙ ግን ታጥቦ፣ ጸድቶ፣ እዚያው ቁጭ አለልኝ።
ያክስቴ ልጅ ተመቸ፣ ባሕር ዳር ጋራዥ የሚውል፣
«የባትሪ አሲድ ጠብ አርግበት» አለኝ በስልክ፣ ቀልድም አይመስል።
ያን እንኳ ተውሁት፤
ጥፍሩን እንጂ ጣቱን አልጠላሁት።

ከሁሉ የከፋው እሑድ ነበር። ሰው ጫማውን አውልቆ ሲገባ
እኔ በካልሲ፤ በሐምሌ ጭቃም በካልሲ፣ ካልሲው ውሃ እያነባ።
«ብርድ አይችልም» ይሉኛል፤ ልክ ነው እላለሁ፣ አልችልም።
ሰው ኀጢአቱን ለንስሐ አባቱ ይነግራል፤ ጥፍሩን ግን ለማንም።

መራዊ ጤና ጣቢያ፣ ሦስት ጊዜ ከበር ተመልሼ፣
በአራተኛው ገባሁ፣ እንደ ሙሽራ አጎንብሼ።
ሲስተር ውብአንቺ አልሣቀች፣ አፍንጫዋን አልያዘች፤ ቆርጣ፣ ፍቃ አየችው፤
«ፈንገስ» አለች። ሁለት ዓመት አብሮኝ የተኛውን በስሙ ጠራችው።

«ጨለማ ይወዳል፣ እርጥበት ይወዳል፤ ቤቱ ቦትህ ነው» አለችኝ፣
ቦቱን ፀሐይ አስጣው፣ ካልሲ ቀይር፣ የጣትህን መሐል አድርቅ ብላ መከረችኝ።
«ቅባት ከላይ ይቀራል፤ ጥፍሩ ወፍሯል፣ አይዘልቀውም፤
ክኒን አለ፣ በየቀኑ፣ ሦስት ወር፤ መዝለል የለም፣ ለጎረቤት ማካፈልም።
መጀመሪያ ግን ጉበትህ በደም ይታይ። አረቄስ?» አለች።
ዝም አልሁ። የጎጃም ሰው ነኝ።
«እሱም ይቆማል» ብላ ጻፈች።

«መቼ ይድናል?»
«የእግር ጥፍር በወር ያንዲት ጤፍ ፍሬ ያህል ነው የሚያድገው፤
ቁጠረው።» ቆጠርሁት። ዓመት ከመንፈቅ ነው የሚፈጀው።

ሦስተኛው ወር ላይ ጸሎተ ሐሙስ ሆነ። አባ ልሣነወርቅ፣
ሳፋ ከፊታቸው፣ የወይራ ቅጠል በጃቸው፣ የሰው እግር ሲያጥቡ፣ ሲያደርቁ፣
ተራው ደረሰኝ። መሸሻ የለም። አወለቅሁ። ውሃው ቀዘቀዘኝ።
አውራ ጣቴን ይዘው ቆዩ። «ምን አደረግህበት?» አሉኝ፣
ቀስ ብለው፣ እንደሚናዘዝ ሰው።

«ክኒን፣ አባ።» ከሥሩ አዲስ ጠርዝ ወጥታለች፣ ሁለት ጤፍ፣ ሦስት ጤፍ፤
አዩዋት። ግራ ቀኝ ቃኙ። የቀሚሳቸውን ጫፍ ቀልጠፍ
አርገው ገለጡ፦ ሁለቱም አውራ ጣት፣ ቢጫ፣ የተፈረፈረ።
«አሥራ አንድ ዓመቱ» አሉ፣ «ለሰው አልተነገረ።»

ውሃው ከወይራው ጠብ ጠብ ይላል። ዲያቆኑ ፎጣ ይዞ ቆሟል።
«ሴትዮዋ ሰው ፊት ታሳያለች?»
«በር ዘግታ ነው፣ አባ።»
«ጉበት ያያሉ አሉ?»
«ያያሉ።»
«አረቄስ?»
«ትከለክላለች።»

አባ ዝም አሉ።
ከዚያ ጣቴን በፎጣ እየጠረጉ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣
«ለፋሲካ ጠላስ?» አሉ።