የሱሪው ልክ

የአራዳን ሰው እግር በሜትሬ አውቃለሁ፤
ማን እንደሚያነክስ፣ ማን ሰግዶ እንደሚቆይ፣
ሱሪው ካለቀበት ቦታ አነባለሁ።
ስፌት አይዋሽም። የሚዋሸው ሰፊው ነው።

ሐምሌ ላይ ተወለደ፣ ጦሳ ጉሙን ደርቦ፣
ሰማይ ከቆርቆሮው ጠርዝ ድረስ ዝቅ ብሎ ቀርቦ።
ስሙን ኑርዬ አልነው፤ ብርሃን ማለት ነው ኑር፤
ከዚያ ወስደን አስተኛነው ጓዳ፣ ከመጋረጃ ሥር።

«ምች ይመታዋል» አለች ጦይባ፣ «ዓይን ይበላዋል»።
እኔም አልተከራከርኩም። ሚስማሩን የመታሁ እኔ፤
ወፍራሙን መጋረጃ ድርብ አርጌ የሰፋሁ እኔ።

መስከረም ለደሴ ጠባ፤ ለኑርዬ አልጠባለትም።
ጥርሱ ዘገየ። «የአባቱ ዘር ነው፣ አይቸኩልም።»
ትራሱ በላብ ይርሳል። «ሞቆት ነው።»
መዳኽ ተወ፣ ተቀመጠ። «ወንድ ልጅ ሰነፍ ነው።»
ለሁሉም መልስ ነበረን፤
ጥያቄው ነው ያልነበረን።

በሁለት ዓመቱ ቆመ። ዒድ ደረሰ፣ ሱሪ ልሰፋለት
ሜትሬን ዘረጋሁ፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ብሽሽት።
የውስጡ ስፌት ከውጪው አልገጥም አለኝ።
ተረተርኩ፣ ደግሜ ሰፋሁ፤ መቀሱን ወቀስኩ፣ ጨርቁን ረገምኩ፤
በሦስተኛው መርፌዋ ተሰበረች።
ቀና ብዬ አየሁ፤
በእግሮቹ መሃል ድመታችን ጎንበስ ሳትል ታልፋለች።

ጤና ጣቢያ ያለችው ልጅ የእጁን አንጓ ዳበሰች፤
የጎድኑን እብጠት አንድ በአንድ እንደ ተስቢህ ቆጠረች።
«ቫይታሚን ዲ ነው ያነሰው፤ ፀሐይ ነው» አለች፣ «አብሽሩ»።
ፀሐይ! ሳቄ መጣ።
ለውሻ፣ ለግንብ፣ ለተሰጣ ጨርቅ የሚተርፈውን
እኔ ነኝ ለልጄ የነፈግሁት?
ጦይባ አልሳቀችም። የሻሿን ጫፍ ነክሳ ወለሉን አየች።

አሁን ጠብታውን በማንኪያ፤ ከዚያ ጠዋት በረንዳ ላይ
ራቁቱን ይቀመጣል፣ ከመኪናዬ ጎን፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ።
ጉሙ ሦስት ቀን ከያዘ በሚኒባስ ሐረጎን ወርደን
ኮምቦልቻ እንሄዳለን፣ ፀሐይን በታሪፍ ገዝተን።
መናኸሪያው ጥግ ስናሰጣው አላፊው ሁሉ ይጮኻል፦
«ኧረ አልብሱት፣ ምች!»
ጦይባ ልትሸፍነው እጇን ታነሳለች፤ መልሳ ትተዋለች።

ይቃናል ወይ? ብዬ ጠየቅሁ።
«ልጅ ነው፣ አጥንቱ ገና ነው» አለች።
«ይቃናል» አላለች።

ሱሪውን ጨረስኩት፣ እንደ እግሩ፣ ጎባጣውን በልኩ፤
ከውስጥ ግን፣ ከስፌቱ ኋላ፣ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ተውኩ።