ሰባት ቤት

አፉላ፣ ሆስፒታል፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
በጠባቧ መስኮት ጊልቦዓ ሲታይ፣
አማካሪዋ ሴት እርሳስ አንሥታለች፤
ለሴት ክብ፣ ለወንድ አራት ማዕዘን ትሥላለች።
የሞተ ሰው ካለ ታጋድማለች መስመር፤
እኔ ከመሐላቸው የገዛ ደሜን ወሬ ለአባቴ ስተረጉም ነበር።

«ስንት ትውልድ ያውቃል? ሦስት ይበቃኛል።»
ነገርኩት። ፈገግ አለ። «ሦስትማ ምን ይሆናል?
እኛ ልጅ ስንድር በሦስት አናቆምም፣
ሰባት ቤት ያልራቀን ከቶ አናጋባም።»
ጀመረ፦
«ይስማው የአድማሱ፣ አድማሱ የጓዴ፣
ጓዴ የበሪሁን፣ በሪሁን የወንዴ...»
ሰባተኛው ዘንድ ደርሶ ሲተነፍስ በኩራት፣
እርሳሷ እንደቆመች ናት።
«ሴቶቹስ?» አለች።
ይህቺ አንዲት ቃል ምላሴ ላይ ከበደች።

ዝም አለ አባቴ። ዝምታው ረዝሞ
ከኮሪደሩ ላይ ጋሪ አለፈ አዝግሞ።
«ታላቄ ዓለሚቱ፣ ወገራ ሳለን፣ ጡቷ ጠጠረ፤
የሰው ዓይን ነው አልን፣ ክታብ ታሰረ።
ስንዱ ሆዷ ገፍቶ፣ እርጉዝ መስላን፣ በገዳሪፍ መጠለያ፣
ልብስ ቀድደን አዘጋጀን፣ የሕፃን መጠቅለያ።
ሕፃን አልመጣም።
እናቴም...» ብሎ አልጨረሰም።

ወረቀቱ ላይ ሦስት ክቦች ጠቆሩ፤
አባቴ፣ ነጭ አራት ማዕዘን፣ ከመሐላቸው ቀረ፣
ያፈረ ይመስላል በመኖሩ።
«እኔ ወንድ ነኝ» አለ፤ «ጡት የለኝ፣ ማሕፀን የለኝ፤
ይህ የሴቶች ጣጣ እኔን ምን አገባኝ?»
«ወንድም ይሸከማል፤ ሳያመውም ይሰጣል።»
ተረጎምኩ። አጎንብሶ ጫማውን ያያል።

«ሙታጽያ» አለች።
ዕብራይስጥ ነው ቃሉ፤ የአባቴ ጆሮ ግን «ሙት»ን ብቻ ያዘች።
«ማን ነው የሞተው?»
ምን ብዬ ልንገረው?
«ፊደል ናት» አልኩት፣ «ከረጅም ጽሕፈት የወደቀች አንዲት ፊደል፤
ሁሉም ሰው ያለው ጂን ነው፣ ሥራው መጠገን ነው፣ ሰውነት ሲጎድል፤
በኛ ቤት ጠጋኙ ራሱ ተጎዳ።»
ሸማኔ ነበር እርሱ። ጣቶቹ በአየር ላይ የጠፋ ክር ፈለጉ።
«ድሩ ላይ አንድ ክር ላልቷል በይኛ።
ሸማው አልተቀደደም። ግን ዓይን ይፈልጋል።»
ከዚያ በኋላ እርሷ በመቶኛ ያሰላችው ሁሉ
ከዚህ አልበለጠኝም።

የመጣን ዕለት ጸሐፊው እንቋዬን ሰርዞ «ፍኒና» አለኝ፤
«ትርጉሙ ይቀራረባል» ብሎ አጽናናኝ።
ያቺ ፊደል ግን ያለ ፓስፖርት፣ ያለ ማኅተም፣ በረሃ አቋርጣ፣
ስሟን ሳትለውጥ ገባች፣ ደሜ ውስጥ ተቀምጣ።
በመጋቢት አገኟት።
በጥቅምት ሁለቱን እንቁልጢዎቼን አስወጣለሁ፤
ይህን ለአባቴ ገና አልተረጎምኩትም።

ነርሷ ብልቃጥ ይዛ መጣች። እጅጌውን አልሰበሰበም።
«ያን ጊዜ የሰጠነውን ደም ደፉት፤ አልረሳሁም።»
«አዎ፣ ደፉት» አልኩት። «ዛሬ ሊያነቡት ነው።»
ብዙ ቆየ። ከዚያ ክንዱን ዘረጋ።
«መሬት አላወረስኩሽ፣ ከብት አላወረስኩሽ፤
ይህን ነው የሰጠሁሽ?»
«አፍንጫህንም» አልኩት። አልሳቀም።

ልጄ ሊሂ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወታደር፣
ለእርሷም ዕጣው ያው ነው፣ እንደ ሰቀል ሲወረወር፤
አንበሳ ወይስ ሰው እንዳልል ሰቀል ላይ ሁለቱም የሉ፣
ወይ አበባው ነው፣ ወይ ቁጥሩ።
ማወቅ መታመም እንዳልሆነ በምን ቋንቋ እነግራታለሁ?

አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ጥጧን በጣቱ ተጭኖ፣
ቀስ ብሎ ጀመረ፣ እንደ አዲስ ተማሪ ሆኖ፦
«እንቋዬ የይስማው፣ ይስማው የትሁን፣
ትሁን የ...»
ሰባት የወንድ ቤት በአንድ ትንፋሽ የሚቆጥር ሰው
ሦስተኛዋ ሴት ላይ ስሟ ጠፋው።
አውቶቡሱ መጣ፣ በሩን ከፍቶ ዘጋ።
አልተንቀሳቀስንም።