የኦሪሲያ ደብተር

ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ፤ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት፤
ነፋስ የለም፤ ሰማዩ ጥርት።
ቀለሙ በርዶ እንቢ ሲል፣ እስክሪብቶው በብብቴ፣
ደብተሩ በጉልበቴ፣
ኦሪሲያ ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ በተራ፦
ግንደ ቆርቁር አንድ፣ ከደረቀው ዛፍ ጋራ፤
ባለ ጥቁር ቆብ ስድስት፤ አይ፣ ሰባት፤ አንዷ ተደብቃ ነበረች፤
ጃርት አንድ፣ ከጥዱ ጫፍ፤ ካለፈው ሳምንት ጀምራ አልወረደች።
የጥንቸል ዱካ፤ መሀል በረዶው ላይ ያበቃ፣
ግራ ቀኙ የክንፍ ምልክት። "ጉጉት ብለህ ጻፍና በቃ።"

ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ ያለችውን የኤድመንተን ሸለቆ
ሠላሳ አንድ ዓመት ጻፈቻት፣ በረዶው ወድቆ፣ ጭቃው ደርቆ።
የተማሪ ሰርቪስ ስትነዳ ነው ያረጀችው፤
ሳይቆጥሩ መንቀሳቀስን እዚያ ነው የረሳችው።
እኔ ከሌሊት ፈረቃ ዓይኔን እያሸሁ እመጣለሁ፤
በአማርኛ ስም ያጣሁላትን ወፍ ሁሉ ክርስትና አነሳለሁ።

ዛሬ ከጥዱ መሀል አንድ ድምፅ፣
ከመርፌ ቀዳዳ የሾለከ፣
ሲ፣ ሲ፣ ሲ፣
ጆሮን ዘልሎ ጥርስ የነካ።
ቀና አልኩ። አውራ ጣት የማታክል፤ አናቷን
እርድ የነካው ጣት የዳበሳት።
ከኋላዋ ሌላ።
"ዘውዲት ናት! ሰማሽ?"
"ምኑን?" አለች።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በቀይ ቀለም፦
"ባለ ወርቅ ዘውዷ ከዚህ ጫካ ጠፍታለች፤ የለችም።"
ለማዘጋጃ ቤቱም ሦስት ደብዳቤ ጽፋለች፣
ወፊቱን ምን አደረጋችኋት? እያለች።

ብዋሽስ? ብዘለውስ? እጄ ግን ቀደመኝ፤
"ዘውዲት፣ ሁለት" ብዬ ስጽፍ ፊደሉ ተንቀጠቀጠብኝ።
መነጽሯን ገፋ አድርጋ አነበበች።
የሱፍ ቆቧን አውልቃ ጆሮዎቿን ለብርዱ ሰጠች፤
አፏን ከፈት፣ ትንፋሿን ያዝ አድርጋ ቆመች።
ሲ፣ ሲ፣ ሲ፤ ከራሳችን በላይ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት።
ፊቷ ላይ ምንም።

እስክሪብቶዬን ተቀበለችኝ። ወደ ኋላ፣ ወደ ቀዩ ገጽ ገለጠች፤
"የለችም" የሚለውን ሰርዛ
"አልሰማሁም" ብላ ጻፈች።
ቀን ጨመረች። ፈረመች።

ቆቧን መልሳ እየደፋች፦
"ሁለት ናቸው ያልከው? እርግጠኛ ነህ?
በል እንደገና ቁጠር፤
ልጅ ረስተን እንዳንሄድ።"