ውሃ ልክ

ለይርሳው፣ ወደ ማኅበራችን ጉባኤ ለሚሄደው

ቅጹ ደርሶኛል ይርሳው፣ ሦስት ገጽ ከነማኅተሙ፤
መቼም የማኅበራችን ሰዎች አሳምረው ነው ያተሙ።
«እጩዋን የሚደግፉት በምን ምክንያት ነው?» ይላል፤
ለምክንያቴ ማረፊያ አራት መስመር ተሰምሯል።

ስም፦ ፕሮፌሰር እናኑ ቢምረው። እሱን ጻፍኩት።
የትምህርት ደረጃ፣ የጥናት ብዛት፣ ከላይ ከላይ ሞላሁት።
አራቱ መስመር ግን ይኸው ሦስት ማታ ባዶ አደረ፤
ብዕሬ ተምጫ ወርዶ እዚያው ወንዙ ዳር ቀረ።

አንተ ያኔ ቡሬ ነበርክ፤
የደምበጫን ጉድ ከሰው አፍ ነው የቃረምክ።

ግንቦት ሊወጣ ሳምንት ሲቀር፣ ሰማዩ እያጉረመረመ፣
የእግረኛ ድልድያችን ምሰሶ ተሞላ፣ ቆመ።
ብረቱ ተጭኖ መጥቷል፤ ከንቲባው ምርቃት ቀጥሯል፤
ተቋራጩ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል፣ ያፏጫል።

እኔ ተቆጣጣሪ ነኝ። የሁለት ዓመት መሐንዲስ።
«ድብልቁ ደረቀ» አሉ። ባልዲ ሲመጣ፣ ውሃ ሲፈስ፣
አየሁ። አንድ ባልዲ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ዘወር አልኩ፤
ስልክ እንደሚያናግር ሰው ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ።

ሃያ ስምንት ቀን ሞላ። ኪዩቡ ማርቆስ ሄዶ ተጨመቀ፤
የታሰበለትን ሸክም ግማሹን ሳይቀምስ ደቀቀ።

እሷ ከባሕር ዳር መጣች፣ ከኋላ ወንበር፣ በሚኒባስ፤
የዩኒቨርሲቲው መኪና ጋራዥ ገብቶ ሲታደስ።
ቢጫዋን ውሃ ልክ አውጥታ ምሰሶው ላይ ለጠፈች፤
«ቀጥ ብሎ ቆሟል» አለች። «ቀጥ ብሎም ይዋሻል» አለች።

ከንቲባው፦ «በእናትዎ፣ ሕዝቡ ስንት ዓመት ጠበቀ!»
ተቋራጩ፦ «ትንሽ ልስን ቢጤ…» ብሎ ሳቀ።
እሷ፦ «ይፍረስ።» በቃ። ድምጿን ከፍ እንኳ አላረገች፤
ጫማዋን ፈትታ ቦት ስታጠልቅ ቀና ብላ አላየች።

«ውሃው በዝቷል» አለች ኋላ። «ማን አበዛው?» አላለችም።
ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። አለፈ። ደግማ አላየችም።
መዶሻውን መጀመሪያ እሷ ናት ያነሳችው፤
ሁለተኛው እኔ ነበርኩ፤ ሳልታዘዝ፣ እጄ ነው የሄደው።

ሪፖርቷ ማርቆስ መዝገብ ቤት እስከ ዛሬም ይገኛል፤
«የቁጥጥር ጉድለት፣ የእኛ» ይላል። «የእኛ» ብቻ ይላል።
እሷ እኮ አልነበረችም! ባልዲው ሲፈስ ክፍል ውስጥ ናት!
ያቺን «የእኛ»ን፣ ይርሳው፣ በአራት መስመር እንዴት ልጻፋት?

ሌላም አለ፣ አልደብቅም። ሕዝቡ ክረምቱን በገመድ ሲሻገር ረገማት፤
ትሁኔ፣ ጌሾ ነጋዴዋ፣ መናኸሪያ ላይ ሰደበቻት።
ሁለት ኩንታል ጌሾ ጎርፍ በልቶባታል፤ እውነቷን ነው።
ልክ መሆን እዳ አለው፤ አንዳንዴ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ድልድዩ በዓመቱ ቆመ።
ዛሬ ማንም አያየውም፤ እንደ መሬት ይረግጠዋል።

ሌላኛው እጩ፣ ሰማሁ፣ ካናቴራ አሳትሟል፤
ክፉ ሰው አይደለም፣ ምሳ ይጋብዛል፣ ንግግሩም ይጥማል።
እሷን ደውዬ «ይወዳደሩ» ብላት «ደሞ ለዚህ!» ብላ ሳቀች፤
«ቦርድ ማለት ወንበር ነው፤ እኔ ቆሜ ነው የምሠራው» አለች።
«እንግዲያው ይቁሙልን» አልኩ። ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ።
«ፎቶ የለኝም» አለች በኋላ። ነገሩ በዚያ ተፈጸመ።

አንድ ድምፅ ምን ታደርጋለች? ይኼን ስል ውሃ ልኳን አሰብኳት፤
መሀሏ ያለችው አረፋ ባዶ አየር ናት፣ ሌላ የላት፤
ግን ግንበኛ ሁሉ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚያያት።

ቅጹን በነገው ሚኒባስ፣ በረዳቱ እጅ እልካለሁ፤
ስትቀበል አትሳቅ፣ አታርመው፤ እንዲህ ብዬ ሞልቻለሁ፦

«ሦስተኛው ባልዲ ሲፈስ ጀርባዬን የሰጠሁት እኔ ነኝ።
እሷ ይኼንን ታውቃለች።
አስራ አንድ ዓመት አልጠየቀችኝ።»

ከሥሩ ፈርሜበታለሁ።
አራተኛው መስመር ተርፏል።